ኦፓል የሚጠጣው ውኃ

አርዲቦ ሐይቅ በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ተራሮች መካከል፣ ብዙ ሰው በደፈናው «ሐይቅ» ከሚለው ከሎጎ 200 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሲሞላ ትርፉ ቁልቁል ወርዶ ሎጎን ይቀላቀላል። ፓምፕ የለም፣ ነዳጅ የለም፤ የከፍታው ልዩነት ብቻ ይበቃዋል። ከላይ ለመስኖ በተጠለፈ ቁጥር ደግሞ ታች የሚደርሰው ይቀንሳል። የጌጣጌጥ ማዕድን የሚሞርድና የሚያለሰልስ ማሽን ውኃ የሚያገኝበት ቀላሉ መንገድም በዚሁ ሕግ ይሠራል፦ ከላይ ዕቃ፣ ከታች ዲስክ፣ መሀል ላይ መጠኑን የሚወስን አንድ መዝጊያ።

ነገሩን እዚህ ያነሳሁት ደቡብ ወሎ ኦፓል የተባለው የጌጥ ድንጋይ አገር ስለሆነ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ካለው ገደል የወጣው ኦፓል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያን ከአውስትራሊያ ጎን አሰለፋት። ከዚያ በፊት፣ በዚያው አቆጣጠር በ1990ዎቹ፣ በሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ ቡናማ ኦፓል ተገኝቶ ነበር፤ ሆኖም ቶሎ ስለሚሰነጣጠቅ ገበያው አልዘለቀለትም። የደላንታው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተከመረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሀል በቀጭን ንጣፍ ተኝቶ ነው የተገኘው። ቆፋሪዎቹ ገደሉን ፊት ለፊት እየፈለፈሉ ዋሻ ያበጁና ይገባሉ፤ ዋሻ ተደርምሶባቸው የቀሩም አሉ። በዚህ ዋጋ ከወጣው ድንጋይ አብዛኛው ለዓመታት ጥሬውን ወደ ሕንድ፣ በተለይም ወደ ጃይፑር እየሄደ እዚያ ተሠርቷል። መንግሥት ጥሬ ኦፓል እንዳይወጣ ለመገደብ የተነሳው ሥራው አገር ውስጥ ይቅር ብሎ ነው። ሥራው አገር ውስጥ ይቅር ከተባለ ማሽኑ ይገዛል፣ ሠልጣኙ ይመለመላል። ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ማሽኑ ከተተከለ በኋላ ነው።

ማሽኑ ራሱ ውስብስብ አይደለም። አንድ ሞተር፣ አንድ ረጅም ዘንግ፣ ዘንጉ ላይ በተርታ የተሰኩ አራት ወይም ስድስት ዲስኮች። ጠርዛቸው በአልማዝ ብናኝ የተለበጠ ሲሆን ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት በቁጥር ይለያሉ። የመጀመሪያው 80 ነው፤ ሸካራ፣ ድንጋዩን ቅርጽ የሚያስይዝ። ከዚያ 220፣ 600፣ 1200፣ 3000 እያለ ይልማል። መጨረሻ ላይ 14000 የደረሰ አለ፤ በጣት ቢዳሰስ ሻካራነቱ አይታወቅም። የሸካራዎቹ አካል ብረት ነው፤ የለስላሶቹ ግን ከአልማዙ ሥር ስፖንጅ አላቸው፣ የድንጋዩን ጉብታ ተከትለው እንዲረግቡ።

ዲስኩ ድንጋዩን ሲፍቅ ሙቀት ይነሳል። ውኃው መጀመሪያ ይህን ያበርዳል፤ ኦፓል ሙቀት ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ አልማዙን ከዲስኩ ያጣበቀው ሙጫም ይላላል። ሁለተኛ ፍቅፋቂውን ያጥባል። ካራ ሲስል ድንጋዩ ላይ ውኃ ጠብ የሚያደርግ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ደረቁ መሳያ በደቀቀው ዱቄት ይደፈንና መብላቱን ይተዋል። ሦስተኛው ሥራው አቧራውን ማሰር ነው። በሕንድ ጉጃራት፣ ካምባት በምትባል ከተማ አጌት የተባለ የጌጥ ድንጋይ በደረቁ ሲሞርዱ የኖሩ ሠራተኞች ሲሊኮሲስ በተባለ የሳንባ በሽታ እንዳለቁ በሐኪሞች ጥናት በሰፊው ተመዝግቧል። ሳንባ ውስጥ የገባ የሲሊካ ብናኝ አይወጣም፣ የፈጠረው ጠባሳም አይድንም። ኦፓሉ ራሱ ከአጌት ያነሰ አደገኛ ነው ቢባል እንኳ፣ አብሮት የሚፈቀው እናት ድንጋይ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ውኃ የሌለው ወርክሾፕ ሥራ አይጀምር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የወሎ ኦፓል ግን ከውኃ ጋር የራሱ ጠባይ አለው። አብዛኛው ሃይድሮፌን የሚባለው ዓይነት ነው፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ስላሉት ውኃ ይጠጣል። ነጭ ወይም ወተት መሳይ የነበረው ድንጋይ ውኃ ውስጥ ሲቆይ እየጠራ ሄዶ እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ አንዳንዱ ላይ የቀለም ጨዋታው ጭራሽ ይጠፋል። ኦፓልን ኦፓል ያሰኘው ያ ቀይና አረንጓዴ ብልጭታ የሚመጣው ሥርዓት ይዘው ከተደረደሩ እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ኳሶች ነው፤ ክፍተቱን አየር ሲሞላውና ውኃ ሲሞላው ብርሃኑ እኩል አይታጠፍም። ድንጋዩ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ እንደ መጠኑ ሰዓታት ወይም ቀናት ይፈጅበታል።

እዚህ ላይ ሞራጁ ይቸገራል። ጥሩው ቀለም የትኛው ጎን እንዳለ አይቶ ነው ፊት የሚያወጣለት፤ ማሽኑ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ በኋላ ግን የያዘው እርጥብ፣ የጠራ፣ ቀለሙ የደበዘዘ ነገር ነው። አንዳንዱ ቀለሙን ላለማጣት ሲል ውኃውን ዘግቶ በደረቁ ይሞርዳል። ይህ ሳንባን ለዓይን መሸጥ ነው። የሚሻለው ድንጋዩን ሥራ ሳይጀመር ደረቅ ሳለ አይቶ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ ጥቂት ሞርዶ ማስቀመጥ፣ ሲደርቅ እንደገና ማየት ነው። ስለዚህ ኦፓል የሚሠራ ሰው አንድ ድንጋይ ይዞ አይውልም፤ አሥር አሥራ አምስቱን በተራ ያስኬዳል። ማድረቁም ጥላ ውስጥ ነው እንጂ ፀሐይ ላይ አይደለም፤ ተቻኩሎ የደረቀ ድንጋይ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል።

ውኃ የጠጣ ድንጋይ ውኃው ውስጥ ያለውንም ይጠጣል። ነጋዴዎች ነጩን የወሎ ኦፓል ሰማያዊና ሐምራዊ እያደረጉ የሚያቀልሙት፣ በጭስ አጥነውም ጥቁር ኦፓል የሚያስመስሉት ይህን ጠባዩን ተጠቅመው ነው። ሳይታወቅም ይሆናል፦ ዘይት የነካው መጋዝ፣ ዝገት ያለበት በርሜል፣ አረንጓዴው የክሮም ኦክሳይድ ማወልወያ፣ ሁሉም ድንጋዩ ላይ ዱካ ሊተው ይችላል። ለሌላ ማዕድን የሚያገለግለው በዘይት የሚቀዘቅዝ መጋዝ ለወሎ ኦፓል አይሆንም፤ በንጹሕ ውኃ ነው የሚቆረጠው። የሎጎን ውኃም ባልመክር እወዳለሁ። ሎጎ መውጫ ስለሌለው ጨውና ማዕድን ያጠራቅማል፣ ፒኤቹም 9 አካባቢ ነው። ውኃው ሲተን የሟሟው ነገር ነጭ ሆኖ ዲስኩም ላይ፣ የጠብታ ቱቦውም ውስጥ፣ ድንጋዩም ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ አቅርቦቱ። ቧንቧን በቀጥታ ማገናኘት ያለ ነው፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ግን መሀል ሥራ ላይ ጥሎ ይሄዳል። የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ባልዲ ውስጥ ከትቶ ያንኑ ውኃ እያዞሩ መጠቀም ቁጠባ ይመስላል፤ ችግሩ ከ80 ቁጥር ዲስክ የታጠበው ሸካራ ፍቅፋቂ ዞሮ ዞሮ 3000ው ላይ መውደቁ ነው። አንዲት ቅንጣት ከሁለት ሰዓት በላይ የተለፋበትን ፊት ትጭረዋለች። የሚዞር ውኃ ካስፈለገ ለሸካራዎቹ ብቻ ይሁን፤ ለለስላሶቹ ሁልጊዜ አዲስ ውኃ።

እኔ የምወደው የጠብታውን መንገድ ነው። 20 ሊትር ጄሪካን ከማሽኑ አንድ ሜትር ከፍ ተደርጎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። ለመዝጊያ የሐኪም ቤቱ የጉሉኮስ ቱቦ ግሩም ነው። በአውራ ጣት የምትሽከረከረው ማጥበቂያ መጠኑን በደንብ ትቆጣጠራለች፣ በብርሃን አሳላፊዋ ብልቃጥም የሚወርደውን ጠብታ መቁጠር ይቻላል። አንድ ችግር አለ፦ ጄሪካኑ እየጎደለ ሲሄድ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጠብታው ይዘገያል፣ ሞራጁም ሳያውቀው ዲስኩ ይደርቃል። መላው የቆየ ነው። የጄሪካኑን ክዳን አየር እንዳያስገባ አጥብቆ መክደን፣ በክዳኑ መሀል አንድ ቀጭን ቱቦ አሳልፎ ጫፉን ከመውጫው ትንሽ ከፍ እስኪል ወደ ታች መስደድ። አየር የሚገባው በዚያች ቱቦ ጫፍ ብቻ ስለሚሆን፣ ውኃው እስከዚያ ድረስ እስኪወርድ ጠብታው አይለወጥም። ማሪዮት የተባለ ፈረንሳዊ በ17ኛው መቶ ዘመን ያጠናው ነገር ነው፤ ወጪው የአንድ ቱቦ ዋጋ ነው።

ስንት ይበቃል? በሰከንድ ሁለት ጠብታ እንበል። በጉሉኮሱ ቱቦ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ስለሚሆን በሰዓት 360 ሚሊ ሊትር፣ በስምንት ሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ይወጣል። ስድስቱም ዲስኮች ቀኑን ሙሉ ቢንጠባጠቡ 17 ሊትር፤ አንዱን ጄሪካን አይጨርሱም። በደቂቃ አንድ ሊትር የሚያወርድ የተከፈተ ቧንቧ ግን ለአንድ ዲስክ ብቻ በቀን 480 ሊትር፣ ማለትም 24 ጄሪካን ይበላል። ከዲስኩ ሥር ጠርዙን የሚነካ ስፖንጅ ቢደረግ ደግሞ የወደቀው ጠብታ ተረጭቶ ከመጥፋቱ በፊት እኩል ይዳረሳል። ከአርዲቦ ላይ ገበሬ የሚቀዳውን ሳይሻማ መሥራት ለሚፈልግ የጣሪያ ውኃ ይበቃዋል። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 500 ሊትር ነው፤ በቀን 17 ሊትር ሲሰላ አንድ ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናብ ጣሪያውን እንዲያጥብ ለቅቆ ከዚያ ወደ ሮቶ ማስገባት ነው። የዝናብ ውኃ የሟሟ ማዕድን እምብዛም ስለሌለው ለኦፓል ከቧንቧውም ይሻላል።

ሥራ ሲያበቃ ቅደም ተከተል አለው፤ ጀማሪዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ውኃው ይዘጋል፣ ማሽኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ባዶውን ይዞራል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሞተሩ ቀድሞ ከጠፋ በለስላሶቹ ዲስኮች ስፖንጅ ውስጥ ያለው ውኃ ሌሊቱን ወደ ታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሲነሳ አንዱ ወገን ከብዶ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋዩንም ይመታል። የኤሌክትሪኩ ነገር ሳይነገር የሚታለፍ አይደለም፦ ማብሪያና ማጥፊያው ውኃ ከሚረጭበት ራቅ ብሎ ከፍ ይበል፣ መስመሩ የመሬት ሽቦና የፍሳሽ ኤሌክትሪክ መቁረጫ ይኑረው።

የታጠበው ዝቃጭ ወደ ማጠቢያ ቧንቧ አይደፋም፤ እንደ ሲሚንቶ ጠጥሮ ይዘጋዋል። ወደ ጅረትም አይለቀቅም። ሦስት ባልዲ በደረጃ ተደርድሮ ከአንዱ ወደ ሌላው እየፈሰሰ ሲጠል፣ ውኃው ለሸካራው ዲስክ ይመለሳል፣ ጭቃው እርጥብ እንዳለ በላስቲክ ታስሮ ይቀበራል። ወለሉም በመጥረጊያ በደረቁ አይጠረግም፤ ቀን በውኃ የታሰረው አቧራ ማታ ተነስቶ ሳንባ ውስጥ ይገባልና።

ድንጋዩ ተወልውሎ ሲያበቃ ለሚዛን አይቸኮልም። የአውስትራሊያ ነጋዴ ኦፓሉን ውኃ በሞላ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ ያሳያል፤ የእሱ ድንጋይ ውኃ አይጠጣምና ምንም አይሆንም። የወሎው ግን ከክብደቱ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ውኃ ሊይዝ ይችላል፤ ዋጋው ደግሞ በካራት ነው። ያወቀ ገዥ ድንጋዩን ጥቂት ቀን በክፍል ሙቀት አቆይቶ፣ ሚዛኑ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰጠው ብቻ ይከፍላል።