የውሻው መዝገብና የተነካሹ መዝገብ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ቀበሌዎች ውሻ የቤትና የከብት ጠባቂ በመሆኑ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ከአርሶ አደሩ ደጃፍ የማይርቅ ስጋት ነው። ቫይረሱ በንክሻ ወደ ሰውነት ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይወስድበታል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስለሚገድል፣ ሕይወት የሚተርፈው በዚህ ክፍተት ውስጥ በሚደርስ መረጃና ክትባት ነው።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚገመት ሰው በዚሁ በሽታ ይሞታል፤ ለሰው ከሚተላለፈውም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን በቅደም ተከተል ስታስቀምጥ ይህንኑ በሽታ ከቅድሚያ ተሰጪዎቹ መካከል አድርጋዋለች።

መረጃውን ለማፋጠን ሁለት ዲጂታል መንገዶች ተዘርግተዋል። በግብርናው በኩል «አድኒስ» የተባለው የእንስሳት በሽታ ማሳወቂያ ሥርዓት የወረዳው ባለሙያ ያየውን በሽታ በታብሌት እንዲልክ ሲያደርግ፣ በጤናው በኩል ደግሞ ጤና ተቋማት ሪፖርታቸውን «ዲኤችአይኤስ-2» በተባለው ቋት ያስገባሉ። ችግሩ ግን ውሻው በአንደኛው መዝገብ፣ የተነከሰው ሰው በሌላኛው መስፈሩ ነው። ለምሳሌ አንድ ልጅ ተነክሶ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ክትባቱ ወዲያው መጀመር አለበት፤ ውሻው ተይዞ ለ10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ግን ሊቋረጥ ይችላል። የውሻውን ሁኔታ የሚያውቀው የእንስሳት ጤና ባለሙያው ሲሆን፣ መረጃው ወደ ጤና ጣቢያው ነርስ የሚደርስበት መንገድ ከሌለ ክትባት ይባክናል ወይም ለሌላው ተነካሽ ሳይደርስ ይቀራል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሳቢያ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡም በመረብ ላይ ብቻ የተመሠረተ አሠራር ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አሳይቷል።

ስለዚህ የበሽታ ማሳወቂያ መሣሪያው መረብ ሲኖር መልእክቱን የሚያደርስ፣ ሲጠፋም መዝግቦ የሚያቆይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወረዳውን ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚያገናኝ መሆን ይገባዋል። ይሁን እንጂ ማንኛውም ታብሌት ክትባትን አይተካም፤ ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ካልተከተበም የበሽታው ሰንሰለት አይበጠስም። የተነከሰ ሰውም ወደ ባሕላዊ መድኃኒት አዋቂ ከመሄዱ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።