ኮፈን ላይ የምትተኛው ድመት

በጃፓን ከተሞች ብርዱ ሲጠና፣ ብዙ አሽከርካሪዎች ጠዋት ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ኮፈኑን በመዳፋቸው ደብ ደብ ያደርጋሉ። ከዚያ ጥቂት ይጠብቃሉ፤ ሞተሩ አጠገብ ተሸጉጣ ያደረች ድመት ካለች እንድትወጣ ነው። የመኪና አምራቹ ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ጥንቃቄ «ኔኮ ባንባን» በሚል ዘመቻ አስፋፋው፤ ለማስታወሻ የሚሆን ስቲከርም አዘጋጀ። ድመት መኪናን ለምን እንደምትመርጥ ያወቀ ሰው መኪናውንም ድመቷንም ከጉዳት ማዳን ይችላል።

ምክንያቱ ሙቀት ነው።

የድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሙቀቷን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት የማታወጣው ደግሞ አካባቢዋ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ለሰው የሚመች አየር ለእሷ ብርድ ነው ማለት ነው። ከመንገድ የገባ መኪና ኮፈኑ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ከፍ ያለ በመሆኑም ከውሻ ያስጥላታል፣ ግቢውን ሁሉ ያሳያታል። ሌሊት ብርዱ ሲብስ ግን ከሥር ሾልካ ወደ ሞተሩ ትገባለች። ሞተሩ ሲነሳ የሚሽከረከረው ቺንጋ ሊገድላት ይችላል።

የመኪና ባለቤቶች የሚፈሩት ጥፍሯን ነው። ድመት ስትራመድ ግን ጥፍሯን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች። ጭረቱ የሚመጣው በአብዛኛው የፊት መስታወቱ ላይ ስትንሸራተት ወይም ደንግጣ ስትፈናጠር ነው። መጮህና ድንጋይ መወርወር ጉዳቱን የሚያብሱት ለዚህ ነው። የአቧራ ኮቴዋን በደረቅ ጨርቅ መፈተግም ሌላው ስህተት ነው፤ በጨርቁና በቀለሙ መካከል የገባው ደቃቅ አሸዋ ይሞርዳል። መጀመሪያ ውሃ በብዛት ማፍሰስ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ድመትን ለማባረር ከሚሞከሩት ዘዴዎች አንዳንዶቹ ጥቅም የላቸውም፤ አንዳንዶቹም አደገኛ ናቸው። በጃፓን ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥር ሥር መደርደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተስፋፍቶ ነበር። ድመቶቹ ወዲያው ለመዱት፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ ጠርሙሱ የፀሐይ ጨረር ሰብስቦ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ናፍታሊን ለድመት መርዝ ነው። በርበሬ መነስነስ ዓይኗንና መዳፏን ያቃጥላል። ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚያወጡ መሣሪያዎች በብሪታንያ የጓሮ አትክልት ቦታዎች ተሞክረው የድመቶችን መምጣት ቢቀንሱም ጨርሰው አላስቀሩትም። ከማባረሪያዎቹ ሌላ፣ ከራዲያተር የሚንጠባጠብ ኩላንትም አደገኛ ስለሆነ ወዲያውኑ መታጠብ አለበት፤ ብዙዎቹ ኩላንቶች ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል በጥቂቱም ቢላስ የድመትን ኩላሊት ያጠፋል።

የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ልኩ የሆነ የመኪና ልብስ ቀለሙን ከጥፍርም ከአቧራም ይጠብቃል፤ የሚለበሰው ግን መኪናው ከታጠበ በኋላ ነው፤ አለዚያ በንፋስ ሲርገበገብ ከሥሩ ባለው አቧራ ቀለሙን ራሱ ይፈትጋል። ከመኪና ማቆሚያው ራቅ ብሎ፣ ዝናብና ንፋስ በማያገኘው ቦታ፣ ጨርቅ የተነጠፈበት ካርቶን ማስቀመጥ ድመቷን ወደዚያ ይስባታል። ምግብም እዚያው ቢሰጣት መልካም ነው፤ ትርፍራፊ የሚጣልላት መኪናው ሥር ከሆነ ግን ሁልጊዜ እዚያው ትመላለሳለች።

ዮኮሃማ ከተማ ውስጥ ኢሶጎ በተባለው ቀበሌ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ ጉዳዩን በጋራ ያዙት። ባለቤት የሌላቸውን የሰፈር ድመቶች ያመክናሉ፣ በተወሰነ ቦታና ሰዓት ይመግባሉ፣ ዓይነ ምድራቸውን ያጸዳሉ። ይህ አሠራር ኋላ ወደ ሌሎች የጃፓን ከተሞች ተዛመተ። ዛሬ በብዙ ቦታ የመከነች ድመት የጆሮዋ ጫፍ በትንሹ ስለሚቆረጥ ከሩቅ ትለያለች። የመከነ ወንድ ድመት ግዛቱን ለማስከበር ጎማና ግድግዳ ላይ መሽናቱን፣ ሌሊት መደባደቡን በአብዛኛው ይቀንሳል፤ አዲስ ግልገልም አይወለድም። ኮፈኑ ላይ ኮቴ ያገኘ ጎረቤትም ድመቶቹን የሚመግበው ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ መመገቢያው ከመኪናዎቹ እንዲርቅ ሄዶ ያነጋግረዋል።