«መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ለፈቃድ ፈተና የምንለማመድበት መንገድ

በማታው የጥናት ቡድናችን ውስጥ አገራቸው ሳሉ ለዓመታት በነርስነትና በጤና ረዳትነት የሠሩ አሉ። ሆኖም የፈቃድ ፈተናውን ካላለፉ በሙያቸው መቀጠር አይችሉም። አንዷ እህታችን ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃለች። የመድኃኒቱን ስምም ሆነ መጠኑን አሳምራ ታውቃለች። የጣላት «መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኛም አስተማሪዎቿ ጥፋት አለብን፤ ማስታወሻ እናስገለብጥ ነበር እንጂ መወሰንን አናለማምድም ነበር።

ስለዚህ አሁን በየሳምንቱ አንድ በሽተኛ በወረቀት ላይ እናቀርባለን። ይኸው አንዱ፦

የ11 ወር ሕፃን ነው፤ ክብደቱ 8 ኪሎ። ተቅማጥ ከያዘው 2 ቀኑ ነው፤ ደም የለውም። ይነጫነጫል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ውኃ ሲሰጡት ተስገብግቦ ይጠጣል። የሆዱን ቆዳ ቆንጥጠን ስንለቀው ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ 2 ሴኮንድ ግን አይሞላም።

ሀ/ ግሉኮስ መስቀል
ለ/ አንቲባዮቲክ መስጠት
ሐ/ ክሊኒክ አቆይቶ ኦ.አር.ኤስ. ማጠጣት
መ/ ኦ.አር.ኤስ. ሰጥቶ ወደ ቤት መላክ

አብዛኞቻችን ዓይኑ ጎድጉዷል ሲባል ደንግጠን «ሀ» አልን። ተሳስተናል። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

1ኛ. ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። ምርጫ ያባብላል።

2ኛ. የአደጋ ምልክት ፈልጉ፦ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስመለስ፣ ማንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። ይህ ልጅ አንዱም የለበትም።

3ኛ. ደረጃ ስጡት። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባዘጋጁት የሕፃናት ሕክምና መመሪያ መሠረት ከመነጫነጭ፣ ከዓይን መጎድጎድ፣ ተስገብግቦ ከመጠጣትና ከቆዳ ቀስ ብሎ መመለስ ሁለቱ ከተገኙ መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት ነው። እሱ አራቱም አሉት።

4ኛ. ደረጃው ሕክምናውን ይነግራችኋል። ለአንድ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦ.አር.ኤስ. በ4 ሰዓት ውስጥ፤ 75 ሲባዛ በ8 ማለት 600 ሚሊ ሊትር። መልሱ «ሐ» ነው። እናቱ ማጥባቷን አታቋርጥም፤ ዚንክም ይጀምራል። ከ4 ሰዓት በኋላ እንደገና ይመረመራል። «መ» የቀረው ለዚህ ነው፤ ቤቱ ከሄደ ማን ያየዋል?

5ኛ. «ምን ቢቀየር መልሴ ይቀየር ነበር?» በሉ። ዋናው ልምምድ ይሄ ነው። ይኸው ልጅ ፈዞ መጠጣት ቢያቅተው ከባድ የፈሳሽ እጥረት ይሆናል። ያኔ ሪንገር ላክቴት በደም ሥር ይሰጠዋል፦ በመጀመሪያው 1 ሰዓት 240፣ በቀጣዩ 5 ሰዓት 560 ሚሊ ሊትር። በጣም የከሳ፣ የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ! ዓይኑና ቆዳው ያሳስታሉ፤ ፈሳሽ ሲበዛበትም ልቡን ይጎዳዋል። ስለዚህ የራሱ የተለየ አሰጣጥ አለው።

እህታችን ለሦስተኛ ጊዜ ልትፈተን ነው። አሁን ወረቀት ስንሰጣት መጀመሪያ እጇን ምርጫዎቹ ላይ ታደርጋለች።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ ሕፃኑ 6 ኪሎ ቢሆንና ሰገራው ላይ ደም ቢኖርስ? ምን እንደሚቀየርና ምን እንደማይቀየር፣ ከነምክንያቱ ጽፋችሁ አምጡ።