ስም ማውጣት ቀልድ ነው እንዴ?

በዛሬው ጽሑፌ የማነሳው ነገር ከራሳችን ግቢ የወጣ ነው። ስጽፈው ትንሽ አፍሬያለሁ፤ ለምን እንዳፈርኩ ስታነቡት ይገባችኋል።

አምና ሰባተኛ ክፍል እያለን አብሮን የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጽፍም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። እናቱ ሸክላ ይሠራሉ፤ በገበያ ቀን ምጣድና ጀበና ይዘው ይወጣሉ። በዕረፍት ሰዓት ልጁ ዳቦውን ሲያወጣ አንዳንዶች «ቡዳ መጣ፣ እንዳያየን፣ ይበላናል!» እያሉ ፊታቸውን በደብተር ይሸፍናሉ። እኔ አልተሳደብኩም። ግን ስቄያለሁ። የሚገርመው፣ የዚያን ዕለት ቤት ስገባ ቡና የተፈላው እናቱ በሠሩት ጀበና ነው።

ልጁ መጀመሪያ ላይ አብሮን ይስቅ ነበር። በኋላ ሰልፍ ካለቀ በኋላ መምጣት ጀመረ። ቀጥሎ በዕረፍት ሰዓት ከክፍል አልወጣም አለ። በመጨረሻ በገበያ ቀን ጭራሽ ይቀር ጀመር፤ እናቱን ከእኛ ፊት ማየት ፈርቶ ነው።

ታዲያ ቀልድና ጥቃት በምን ይለያሉ? ኖርዌይ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ዳን ኦልዌውስ የተባሉ ምሁር ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እሳቸው የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፤ ሆን ተብሎ መደረጉን፣ መደጋገሙን፣ ተጠቂው ደግሞ በጉልበት ወይም በሰው ብዛት ራሱን መከላከል የማይችል መሆኑን። ሁለት እኩዮች ኳስ ሜዳ ላይ ቢጣሉ ጠብ ነው። አምስት ልጅ አንዱን በየቀኑ «ቡዳ» ካለው ግን ጥቃት ነው፣ ማንም እጁን ባያነሳም። መስቋም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ብዙ ሰው እንዳያለቅስ ሲል ይስቃል።

ይህ ስድብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አውጥተው ነበር። ብረት ቀጥቃጩም፣ ሸማኔውም፣ ቆዳ ፋቂውም በሙያው አይሰደብ ተብሏል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ጣና ዳርም ደንገል አስረው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች በትውልዳቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ በታንኳው ግን ስንቱ ሐይቁን ተሻገረበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል።

ስሙ የወጣበት ልጅ ምን ያድርግ? ድንጋይ ማንሳት አይበጅም፤ ያኔ ጥፋተኛ ተብሎ ቢሮ የሚጠራው እሱ ራሱ ይሆናል። ፈርጠም ብሎ «ስሜ ይህ አይደለም» ማለትና ከቦታው መሄድ ይሻላል። ብቻውንም አይሂድ። ለስም ጠሪ መምህሩ ወይም ለቤተሰቡ ይንገር። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «አሳባቂ» እንዳንባል እንፈራለን። አሳባቂ ማለት ሰው እንዲቀጣለት ብሎ ነገር የሚያመላልስ ነው። ሰው እንዳይጎዳ ብሎ መናገር ሌላ ነው።

ለእኔ ግን ዋናው ተመልካቹ ነው። በ2007፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ካናዳ ውስጥ አንድ ተማሪ ሮዝ ሸሚዝ በመልበሱ ተሰደበ። ሁለት የ12ኛ ክፍል ልጆች ይህን ሰምተው ብዙ ሮዝ ልብስ ገዙና ለተማሪው አደሉ። በማግስቱ ግቢው ሮዝ በሮዝ ሆነ። ተሳዳቢዎቹን ማንም አልመታቸውም፤ የሚስቅላቸው ግን አጡ።

እኛ ጋ ልብስ የሚገዛ የለም መቼም። ሁለት ልጆች ዝም ብለው በዕረፍት ሰዓት ከልጁ ጎን ተቀምጠው ዳቦ መካፈል ጀመሩ። ደብተር ፊቱ ላይ የሚያደርገው ሰው ቀስ በቀስ ቀነሰ። ስም ጠሪ መምህራችንም ሲሰሙ ተሳዳቢዎቹን ለየብቻ ጠርተው አነጋገሩ። በክፍሉ ፊት ቢያደርጉት ልጁ ዳግም ያፍር ነበር፣ ይህን ማሰባቸው ደስ ብሎኛል።

እኔ ዘግይቼ ነው ይቅርታ የጠየቅኩት። «እሺ» አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ግን «አንቺ ለምን ሳቅሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ወይም ያያችሁ ካላችሁ በሚኒ ሚዲያ ሳጥን ውስጥ ጽፋችሁ አስገቡ። ስም መጻፍ አያስፈልግም።