የክላውድ ቁልፎችን ማን ይቆጥራቸዋል?

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ አየርላንድ ባለ ኮምፒውተር ላይ ቦታ መከራየት ይቻላል። ይህን ኪራይ ክላውድ ይሉታል። አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተቀዱ ስብከቶቿንና የምእመናኗን ስም ዝርዝር እዚያ ልታስቀምጥ ትችላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚይዘው በትርፍ ሰዓቱ የሚያገለግል አንድ ወጣት ነው። የስም ዝርዝሩ ቀላል ነገር አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን ሃይማኖት የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል።

ሰው ወደ ክላውድ የሚገባው በይለፍ ቃል ነው። ፕሮግራም ግን የሚሰጠው "አክሰስ ኪይ" የተባለ ቁልፍ ነው። በአማዞን አሠራር ቁልፉ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ 20 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ፣ ሌላው 40 ያለው ምስጢር። ይህ ቁልፍ ባለቤቱ ካልሻረው ዓመታት ቢያልፉም ይከፍታል። ደግሞም የቤት ቁልፍ ሲሰረቅ ኪስ ባዶ ይሆናል፤ ይህኛው ግን የሚሰረቀው ተገልብጦ ስለሆነ ባለቤቱ ምንም አልጎደለበትም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኡበር ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ሠራተኞች ቁልፉን ጊትሃብ ላይ ባስቀመጡት ኮድ ውስጥ ጽፈውት ስለነበር ሰርጎ ገቦች አገኙት፤ የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሾፌሮች መረጃም ተወሰደ። ኮድ ስፔስስ የተባለው ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የአማዞን አካውንቱ ተደፈረበት። ባለቤቶቹ የይለፍ ቃሉን ቢለውጡም ሰርጎ ገቡ አስቀድሞ ሌሎች መግቢያዎችን ፈጥሮ ኖሮ፣ በ12 ሰዓት ውስጥ አብዛኛውን ፋይል ከነመጠባበቂያው አጠፋው። ድርጅቱም ተዘጋ።

ስለዚህ ሁሉንም ተጠቃሚና ሁሉንም ቁልፍ ሳይታክት የሚቆጥር ፕሮግራም ያስፈልጋል። አማዞን የተጠቃሚዎችን ዝርዝር በየ4 ሰዓቱ አዲስ አድርጎ ማውጣት ይችላል፤ ቁልፉ መቼ እንደተፈጠረና መጨረሻ መቼ፣ ለየትኛው አገልግሎት እንደዋለ ይታይበታል። ቆጣሪው ፕሮግራም ይህን አንብቦ በመመዘኛ ያያል። ሴንተር ፎር ኢንተርኔት ሴኪዩሪቲ የተባለው ተቋም ቁልፍ በ90 ቀን እንዲለወጥ፣ 45 ቀን ያልተነካ ደግሞ እንዲዘጋ ይመክራል።

እዚህ ላይ የአገራችን ሁኔታ ሊታሰብ ይገባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የደብረ ማርቆሱ ባለቤት አካውንቱን አያይም፤ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ቢላክለትም አያነበውም፤ ቁልፉን የገለበጠው ሰው ግን ሌላ አገር ሆኖ ይሠራበታል። እንግዲህ ቆጣሪው በቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን እዚያው ክላውዱ ውስጥ መቀመጥ፣ ማየት ብቻም ሳይሆን መዝጋት መቻል አለበት።

ሁሉንም በራሱ ይዝጋ ማለት ግን አይደለም። ያረጀ ነገር ግን በየሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ ቁልፍ ቢዘጋ፣ ኢንተርኔት እስኪመለስ የሚጠግነው የለም። በእኔ አስተያየት ለረጅም ጊዜ ያልተነካውንና በይፋ የወጣውን ወዲያው ይዝጋ፤ ያረጀውንና በሥራ ላይ ያለውን ያሳውቅ፣ ለባለቤቱና ከክልሉ ውጭ ላለ አንድ ታማኝ ሰው። ቆጣሪው ራሱም ቋሚ ቁልፍ አይያዝ (ሌባ የሚፈልገው እርሱን ይሆናልና)፤ ለሰዓታት ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ፈቃድ ይበቃዋል።

ቁልፍ ሲለወጥ ቅደም ተከተሉ አይዘንጋ። አማዞን ለአንድ ተጠቃሚ ሁለት ቁልፍ የሚፈቅደው ለዚሁ ነው። አዲሱ ተፈጥሮ ፕሮግራሙ ውስጥ ይገባል፤ አሮጌው ሳይሰረዝ ይዘጋል፤ ጥቂት ቀን ታይቶ የተስተጓጎለ ሥራ ከሌለ ያን ጊዜ ይሰረዛል። የተዘጋ ይከፈታል፤ የተሰረዘ ግን አይመለስም።