የጭቃ ቤት ግድግዳን እግር ከምስጥና ከእርጥበት ስለ መጠበቅ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

እንደሚታወቀው በአገራችን ገጠር በብዛት የሚሠራው ቤት በእንጨት ቆሞ፣ በማገር ታስሮ፣ በጭቃ የተመረገ ነው። ይህ ቤት ወጪው አነስተኛ ነው፤ ባለቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር በደቦ ሊሠራው ይችላል፤ ብርድና ሙቀትንም በመጠኑ ይከላከላል። በደንብ ከተያዘ በውስጡ የተወለደ ልጅ አድጎ እስኪዳር ድረስ ያገለግላል። ይሁን እንጂ ምስጥ በሚበዛባቸው ወረዳዎች፣ በተለይም በወለጋ ምዕራባዊ ክፍል፣ ገበሬው በየጥቂት ዓመቱ ቤቱን እያፈረሰ እንደገና ለመሥራት ይገደዳል። ለዚህ የሚቆረጠው እንጨትና የሚባክነው የሥራ ቀን ከእርሻው የሚቀነስ ነው። ጎተራውና የዘር እህሉም ብዙውን ጊዜ በዚያው ቤት ውስጥ ስለሚቀመጡ ጉዳቱ በግድግዳው ብቻ አይቆምም።

በብዙ ቦታ የወደቁ ቤቶችን ተመልክተናል። ክዳኑ ደህና ሆኖ፣ የግድግዳው የላይኛው ክፍልም ሳይነካ፣ ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ከፍታ ያለው እንጨት ግን ባዶ ቅርፊት ሆኖ እናገኘዋለን። በእኛ አስተያየት የቤት ጥበቃ ሥራ ከሁሉ በፊት በዚህ በአንድ ክንድ ላይ መዋል አለበት፤ ይኸውም ይህ ክፍል ደረቅና ንጹሕ እንዲሆን፣ ምን ጊዜም በዓይን እንዲታይ ማድረግ ነው።

ኩይሳውን ማፍረስ ብቻውን ለምን አይበቃም

ይህን የተማርነው በራሳችን ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ምስጥ ገባ ተብሎ ተጠርተን ሄድን። ከመጋዘኑ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ትልቅ ኩይሳ ቆሟል። አባላቱ ቆፍረው ንግሥቲቱን እንዲያወጡ መከርናቸው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ደክመው አወጧት፤ እኛም ነገሩ አለቀ ብለን ተመለስን። በግንቦት ዘር ለማከፋፈል መጋዘኑ ሲከፈት ግድግዳውን ተጠግቶ የተደረደረው የበቆሎ ዘር ጆንያ ከሥሩ ተበልቶ፣ እህሉ ከአፈር ተቀላቅሎና ሻግቶ ተገኘ። ለዘር የሚሆነው ጥቂት ነበር። አንድ አዛውንት አባል፣ «ልጆቼ፣ ኩይሳውን አያችሁ እንጂ ግድግዳውን መች አያችሁ!» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ምስጥ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ትልልቅ ኩይሳ የሚሠራው ማክሮተርምስ የሚባለው ወገን ነው፤ ንግሥቲቱ በቀን በሺህ የሚቆጠር ዕንቁላል ስለምትጥል እርሷን ማውጣት በዚያ ኩይሳ ላይ ጉዳት ማድረሱ አይካድም። አንዳንድ ጊዜ ግን በአንድ ኩይሳ ውስጥ ከአንድ በላይ ንግሥት ትገኛለች። ከዚህም ሌላ እንደ ማይክሮተርምስ ያሉት ወገኖች ከመሬት በታች ተበታትነው ስለሚኖሩ ኩይሳቸው አይታይም። መጋዘናችንን የበሉት ኩይሳ የሌላቸው ነበሩ። ስለዚህ ኩይሳ የሌለበት መንደር ምስጥ የለበትም ብሎ መደምደም አይገባም።

ለሁሉም ወገኖች ግን አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። የምስጥ ቆዳ ስስ በመሆኑ ፀሐይና ደረቅ አየር ቶሎ ይገድለዋል። ከመሬት ወደ ማገር ለመውጣት ሲፈልግ ወይ በእንጨቱ ውስጥ ይሄዳል፤ ወይም በአፈርና በምራቁ የሸፈነውን ጠባብ መተላለፊያ በግድግዳው ላይ ይሠራል። የግድግዳው እግር እርጥብ ከሆነ ሥራው ይቀልለታል። ደረቅ ድንጋይ መሐል ቢገባበት ግን በግልጽ ለመውጣት ይገደዳል፤ ያን ጊዜ የቤቱ ሰው ያየዋል።

ውሃውን ከግድግዳው ማራቅ

በግድግዳው እግር ላይ ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ከጣሪያ ወርዶ መሬት መትቶ የሚረጨው ውሃ ነው። ክፈፉ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል። ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል ክፈፉን አሳጥሮ መሥራት እየተለመደ መጥቷል፤ በቆርቆሮ የተረፈው ገንዘብ በየዓመቱ ለምርጊት እንደሚወጣ ለገበሬው ማስረዳት ይገባል። ጠብታው በሚወድቅበት መስመር ላይ ጠጠር ወይም የተሰበረ ድንጋይ ቢነጠፍ ጭቃው አይረጭም። ቤቱ በተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይ በኩል የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ተቆፍሮ ጎርፉ በግራና በቀኝ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ቦዩም ከሰኔ በፊት መጠረግ አለበት።

ማገዶ፣ ኩበት፣ ጭድና የበቆሎ አገዳ ግድግዳ አስደግፎ መከመር ለምስጥ ምግብና ጥላ አዘጋጅቶ እንደ መስጠት ይቆጠራል። ሁሉም ቢያንስ ሁለት እርምጃ ርቆ በድንጋይ ላይ ይከመር።

የተበላ ቋሚ አለዋወጥ

ቤቱ ሳይፈርስ የተበላውን ቋሚ መጠገን ይቻላል። ብዙ ገበሬዎች ይህን ባለማወቅ ቤቱን ጨርሰው ያፈርሳሉ፤ ስለዚህ አሠራሩን ዘርዘር አድርገን እንገልጻለን።

መጀመሪያ ከቋሚው እግር አካባቢ አንድ ክንድ ያህል ምርጊቱ ይነሣል። ቋሚው በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ቢላዋ ሲወጋው ያለ ችግር ከገባ ተበልቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወራጆቹን የተሸከመው አግዳሚ እንጨት ከቋሚው በግራና በቀኝ በሁለት ጠንካራ ባላ ይደገፋል። የባላዎቹ እግር በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ክብደቱ ሲያርፍባቸው ይሰምጣሉ። ሽብልቅ እየተመታ ባላዎቹ ክብደቱን መያዛቸው ሳይረጋገጥ ቋሚውን መቁረጥ ሰው ላይ ቤት መጣል ነው።

ቋሚው የሚቆረጠው የተበላው ካበቃበት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከደህናው ላይ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ጉቶ ቁራጭ ሳይቀር ተለቅሞ ይወጣል። ጉድጓዱ በድንጋይ ተሞልቶ በደንብ ይጠቀጠቃል፤ በላዩ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ የሚል ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጦ ቋሚው በእርሱ ላይ ያርፋል። በአንድ ቀን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎችን መንካት ፈጽሞ አይገባም። ደግሞም በድንጋይ ላይ የቆመ እንጨት በመሬት ውስጥ እንደ ተቀበረው ንፋስ አይቋቋምም። ስለዚህ የማዕዘን ቋሚዎች እንደ ተቀበሩ እንዲቆዩ ማድረግና በየግድግዳው ሰያፍ ማገር መጨመር ያስፈልጋል።

የሚቀበረው እንጨት ቢቻል የጥድ ወይም የወይራ ውስጠኛው ክፍል ቢሆን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። እነዚህ ዛፎች በብዙ ቦታ ስለ ተመናመኑ ግን ገበሬው የሚጠቀመው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በበጋ ተቆርጦ፣ ልጡ እርጥብ ሳለ ተልጦ፣ በጥላ ሥር ቆሞ መድረቅ አለበት። ልጡ ሳይነሣ የተተከለ እንጨት ከሥሩ ምስጥ ሲርመሰመስ ከውጭ አይታይም። እግሩን በእሳት መለብለብ የተለመደ ነው፤ ከሰሉ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ስለሚገባ ብዙ ተስፋ አንጥልበትም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባትም ለጥቂት ጊዜ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ የውሃ ጉድጓድና የእህል ማስቀመጫ ባለበት አካባቢ ግን እንዳይሞከር።

ምርጊት

ለምርጊት ቀይ አፈር ይመረጣል። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሌላ ከሌለ አሸዋ ይቀላቀልበታል። የጤፍ ጭድ ከታኅሣሥና ከጥር ውቂያ በኋላ በብዛት ስለሚገኝ ጥገናው ከዚያ እስከ መጋቢት ቢሠራ ጥሩ ነው። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረበትና እየተገላበጠ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቦካል። የመጀመሪያው ንብር ጨርሶ ሳይደርቅ ሁለተኛው መጨመር የለበትም። ከመሬት እስከ አንድ ክንድ ያለው ክፍል ግን ከጭቃ ይልቅ በድንጋይ ቢሞላ እጅግ ይሻላል።

የወባ መከላከያ ኬሚካል በሚረጭባቸው ወረዳዎች የውስጡ ምርጊትና ልቅለቃ ከርጭቱ በፊት ማለቅ አለበት። ከርጭቱ በኋላ የተቀባ ጭቃ ኬሚካሉን ስለሚሸፍነው ትንኟ ግድግዳው ላይ ብታርፍም አትሞትም።

ስለ መርዝ

አንዳንድ ሽማግሌዎች አልድሪን የሚባለው መድኃኒት ለምን እንደ ቀረ ይጠይቁናል። አልድሪንና ዲልድሪን በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፉ ይቆያሉ፤ በሰውና በከብት ስብ ውስጥ ይከማቻሉ፤ በወተትም ያልፋሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲቀሩ ተወሰነ፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን አጽድቃለች። በማኅበራት መጋዘን ጥግ ስሙ የጠፋ አሮጌ ጣሳ ወይም በርሜል ከተገኘ ማንም ሳይከፍተው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መነገር አለበት። ዕቃውን አጥቦ ለውሃ ወይም ለዘይት መያዣ ማድረግ ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ነው።

በየሳምንቱ የሚደረግ ቁጥጥር

የግድግዳው እግር በየሳምንቱ ዙሪያውን ይታያል፤ የምስጥ መተላለፊያ ሲገኝ እስከ መሬት ድረስ ይፋቃል፤ ቦታውም ምልክት ይደረግበታል። በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ ከተሠራ በዚያ ያለው እንጨት መመርመር አለበት። ግቢውን በየጠዋቱ የምትጠርገው የቤቱ እመቤት ይህን ከባልዋ ቀድማ ታያለች። የልማት ሠራተኛው ስብሰባ የሚጠራው ወንዶችን ብቻ ከሆነ ምክሩ ለማይመለከተው ሰው ይደርሳል፤ ይህንን ደጋግመን አይተናል።

በማኅበራት መጋዘን ውስጥ ጆንያው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቆ፣ በድንጋይ ላይ በተረበረበ እንጨት ላይ መደርደር ይኖርበታል፤ በግድግዳውና በጆንያው መካከል ሰው ፋኖስ ይዞ ማለፍ ይችል ዘንድ ነው። ክንፋሙ ምስጥ የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣለ ከመሬት እየወጣ ይበራል። በመጋዘኑ ወለል ላይ ክንፉ ረግፎ ሲገኝ ያ ጥግ በዚያው ዕለት ጆንያው ተነሥቶ ይፈተሻል። ከጥገና የወጣው የተበላ እንጨትም በግቢ ውስጥ አይጣልም፤ በዚያው ሳምንት ለማገዶ ይውላል።