ያልተሞላው ወንበር፦ በዋሽንግተን ግዛት የፕሪሲንክት ተጠሪነትና የበጎ ፈቃደኛ ሥልጣን

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 ፕራሚላ ጃያፓል ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ሲመረጡ፣ በዋሽንግተን ግዛት ሴኔት ውስጥ ይዘውት የነበረው መቀመጫ ክፍት ሆነ። መቀመጫው የ37ኛው የምርጫ ወረዳ ነበር። ወረዳው የሲያትልን ደቡብ ምሥራቅ ክፍል ያቅፋል፤ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት የሬይኒየር ሸለቆም በውስጡ ይገኛል። በዚያን ጊዜ በግዛቱ አንድ የምርጫ ወረዳ በአማካይ ከ137 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። ሆኖም ተተኪውን ሴናተር ለመሰየም ይህ ሁሉ ሕዝብ ወደ ድምፅ መስጫ አልተጠራም። በዲሴምበር ወር ዘጠኝ አባላት ያሉት የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ሪቤካ ሳልዳኛን በቦታው ሾመ። ምክር ቤቱም ቢሆን የወደደውን ሰው የመሾም ነጻነት አልነበረውም፤ መምረጥ የሚችለው ፓርቲው ጽፎ ከላከለት ሦስት ስሞች መካከል ብቻ ነበር።

ሦስቱ ስሞች የሚመነጩት ደመወዝ፣ ቢሮም ሆነ ጸሐፊ ከሌላቸው ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች የፕሪሲንክት ኮሚቴ ተጠሪዎች ይባላሉ። ፕሪሲንክት የአሜሪካ የምርጫ አስተዳደር የመጨረሻዋ ትንሽ ክፍል ናት፤ ጥቂት መንገዶችን፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ትልቅ የአፓርታማ ሕንፃና አካባቢውን ብቻ ትይዛለች። በውስጧ የሚገኙት የተመዘገቡ መራጮች ከጥቂት መቶዎች እስከ አንድ ሺህና ከዚያ በላይ ሊደርሱ ይችላሉ። በዋሽንግተን ሕግ እያንዳንዱ ዋና ፓርቲ በእያንዳንዷ ፕሪሲንክት አንድ ተጠሪ ሊኖረው ይገባል። በኪንግ ካውንቲ ብቻ ከሁለት ሺህ በላይ ፕሪሲንክቶች ስላሉ፣ አንድ ፓርቲ ወንበሮቹን ሁሉ ልሙላ ቢል ከሁለት ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጉታል። አይሞሉም። ከሥራው ዝርዝር ይልቅ ይህ ያልሞላ ወንበር ስለ ቦታው ትክክለኛ ጠባይ የበለጠ ይናገራል።

ወደ ወንበሩ የሚያደርሰው መንገድ አጭር ነው። ዕጩው በፕሪሲንክቷ ውስጥ የተመዘገበ መራጭ መሆንና የፓርቲው አባል መሆኑን በራሱ ቃል መግለጽ አለበት። ዋሽንግተን መራጮችን በፓርቲ ለይታ ስለማትመዘግብ ከዚህ ቃል ውጭ የአባልነት ማስረጃ የሚጠይቅ የመንግሥት አካል የለም። ምዝገባው ጎዶሎ ቁጥር በሌላቸው ዓመታት በሜይ ወር ይከናወናል፤ ምርጫው በኦገስት ከማጣሪያው ምርጫ ጋር ይካሄዳል፤ የሁለት ዓመቱ የአገልግሎት ዘመን ደግሞ ከዲሴምበር 1 ይጀምራል። ለአንድ ወንበር አንድ ሰው ብቻ ከቀረበ ስሙ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ሳይታተም እንደተመረጠ ይቆጠራል። ማንም ካልቀረበ ወንበሩ ክፍት ይሆናል፤ ከዚያም የካውንቲው የፓርቲ ሊቀ መንበር ፈቃደኛ ሰው ፈልጎ ሊሾምበት ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ ተጠሪዎች የተመረጡም ቢሆኑ ከማንም ጋር ተወዳድረው አያውቁም።

ለመራጭነት መመዝገብ የሚችለው ዜጋ ብቻ ስለሆነ፣ ዜግነት ያላገኘ ነዋሪ በዘመቻ ሥራ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ማገዝ ቢችልም በዚህ ወንበር ሊቀመጥ አይችልም። በሬይኒየር ሸለቆ በአንድ ቤት ውስጥ ዜግነት ያገኘ አባት፣ መኖሪያ ፈቃድ ያላት እናትና እዚያው የተወለደ ልጅ አብረው መኖራቸው እንግዳ ነገር ባለመሆኑ፣ ልዩነቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚታይ ነው።

የዕለት ተዕለቱ ሥራ ከሩቅ ሲታይ አሰልቺ ይመስላል። ተጠሪው የመራጮችን ዝርዝር ይቀበላል፤ በር ያንኳኳል፤ የለቀቀውንና አዲስ የገባውን ይመዘግባል፤ በወር አንድ ጊዜ በሚደረግ የወረዳ ስብሰባ ላይ ይቀመጣል። ዋሽንግተን ምርጫዋን በፖስታ የምታካሂድ ግዛት በመሆኗ የሥራው ወቅት በአንድ የምርጫ ቀን ላይ አይከማችም። የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹ ከምርጫው ቀን ቢያንስ 18 ቀናት ቀደም ብለው ይላካሉ። ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ ምስጢር ቢሆንም፣ ማን ፖስታውን እንደመለሰ ግን ከምርጫ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ማወቅ ይቻላል። ስለዚህ ተጠሪው በእነዚያ ሳምንታት ዝርዝሩን እያየ ፖስታቸውን ወዳልመለሱት ቤቶች ብቻ ይመላለሳል። ትልቁ መሰናክልም ብዙ ጊዜ የፖለቲካ ተቃውሞ ሳይሆን የተቆለፈ የአፓርታማ መግቢያ ነው፤ በውስጡ የሚኖር ሰው ካልከፈተለት ከአንድ ሕንፃ ሙሉ መራጭ ጋር ሳይገናኝ ይመለሳል። በዕድር ጸሐፊነት ያገለገለ ሰው የዚህን ሥራ ግማሽ ሳይማረው ያውቀዋል፤ የስም መዝገብ መያዝ፣ የቀረውን ሰው ማስታወስ፣ ቤት ለቤት መሄድና ለዚህም ምስጋና አለመጠበቅ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ይህ የእግር ሥራ ውጤት እንዳለው የፖለቲካ ሳይንስ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሲመረምር ቆይቷል። ሃሮልድ ጎስኔል እ.ኤ.አ. በ1924 በቺካጎ ስድስት ሺህ ያህል ነዋሪዎችን ከፍሎ፣ ለከፊሎቹ የመመዝገቢያና የምርጫ ማስታወሻ እየላከ፣ ማስታወሻው ያልደረሳቸውን ከደረሳቸው ጋር አነጻጸረ። ጥናቱ በ1927 በመጽሐፍ ታተመ፤ በፖለቲካ ጥናት ውስጥ ከቀደምቶቹ የመስክ ሙከራዎችም አንዱ ነው። አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን ደግሞ በ1998 በኒው ሄቨን ከተማ 30 ሺህ ያህል የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ሦስት መንገዶችን ፈተኑ፤ እነዚህም በአካል ሄዶ ማነጋገር፣ በፖስታ መላክና ስልክ መደወል ነበሩ። በ2000 የታተመው ውጤታቸው ፊት ለፊት የተነጋገሩት ሰዎች ድምፅ የመስጠት ዕድላቸው በግልጽ እንደጨመረ፣ ፖስታው ጥቂት እንደረዳ፣ በባለሙያዎች የተደወለው ስልክ ግን የሚታይ ጥቅም እንዳልነበረው አሳየ። ፓርቲዎች ለማስታወቂያ እጅግ ብዙ ገንዘብ በሚያፈሱበት አገር፣ የበለጠ የሚሠራው መንገድ ያልተከፈለው ሰው በር ላይ መቆሙ ነው።

ታዲያ ሰው ያለ ክፍያ ለምን ይሠራል? ፒተር ክላርክና ጄምስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1961 ያቀረቡት ክፍፍል እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አንድን ድርጅት የሚያቆመው ቁሳዊ ጥቅም፣ የአብሮነት ደስታ ወይም የዓላማ እርካታ ነው ይላሉ። የቀድሞዎቹ የከተማ ፓርቲ ድርጅቶች በመጀመሪያው የቆሙ ነበሩ። የኒው ዮርኩ የታማኒ ሆል ሰው ጆርጅ ዋሽንግተን ፕላንኪት በ1905 በታተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ በሰፈሩ እሳት ሲነሳ ከመንግሥት ዕርዳታ ቀድሞ ደርሶ ለተጎጂዎች ልብስና ማደሪያ መስጠት የድምፅ ማግኛ ዘዴ ነበር። በቺካጎ ደግሞ ሪቻርድ ጄ. ዴሊ ከ1955 እስከ 1976 ከንቲባ በነበሩበት ዘመን የፓርቲውንም የካውንቲ ሊቀ መንበርነት ይዘው ነበር፤ የፕሪሲንክት አለቃው በስሙ በጎ ፈቃደኛ ቢባልም ብዙ ጊዜ እንጀራውን ከከተማው አስተዳደር የሚያገኝ፣ ፕሪሲንክቷን ካላሸነፈ ሥራው የሚያሰጋው ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በጎ ፈቃደኛ ማለት ቃሉን መበደል ነው።

ያን ትስስር የቆረጠው በአመዛኙ ፍርድ ቤት ነው። በ1969 የተከፈተው የሻክማን ክስ በ1972 ፖለቲካዊ ስንብትን፣ በ1983 ፖለቲካዊ ቅጥርን በቺካጎ የሚከለክሉ የስምምነት ትእዛዞችን አስገኘ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 በኤልሮድና በርንስ ጉዳይ ፖሊሲ የማያወጣ ሠራተኛን በፓርቲ አባልነቱ ምክንያት ማሰናበት ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ወሰነ፤ በ1990 ደግሞ በሩታን ጉዳይ ክልከላውን ወደ ቅጥርና ዕድገት አሰፋው። ቁሳዊው ጥቅም እየሳሳ ሲሄድ ወንበሩ ለአብሮነትና ለዓላማ ሰዎች ቀረ። ዊልሰን በ1962 ስለ ኒው ዮርክ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ የፓርቲ ክበቦች በጻፈው መጽሐፍ እነዚህን አዲስ ሰዎች አማተሮች ብሎ ጠራቸው። ፖለቲካን የሚወዱት ስለ ሕዝብ ጥቅም ያላቸውን አመለካከት ስለሚገልጹበት ነው፤ ለመደራደር ግን እንደ ቀድሞዎቹ አይቸኩሉም። የዊልሰን ሥጋት ዛሬም ቦታ አለው። በደመወዝ የሚሠራ ሰው አለቃውን ሲፈራ መራጩንም ያባብላል፤ በዓላማ የሚሠራ ሰው ግን ከመራጩ ይልቅ ለራሱ ሐሳብ ታማኝ ሊሆን ይችላል።

ይህ ልዩነት በር በሚንኳኳበት ወቅት እምብዛም አይታይም። የሚታየው መቀመጫ ሲለቀቅ ነው። በዋሽንግተን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ክፍል 15 መሠረት አንድ የሕግ አውጪ መቀመጫ ሲለቀቅ የካውንቲው ምክር ቤት ተተኪውን የሚሾመው ከዚያው ወረዳና ከዚያው ፓርቲ፣ የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ካቀረባቸው ሦስት ሰዎች መካከል ነው። በ60 ቀናት ውስጥ ካልተስማማ ጉዳዩ ወደ ገዥው ይሻገራል፤ ገዥውም ከዚያው ዝርዝር አይወጣም። (ወረዳው ከአንድ ካውንቲ በላይ የሚነካ ከሆነ ሥርዓቱ ትንሽ ይለያል።) የካውንቲው ኮሚቴ የሚቆመው ከተጠሪዎቹ ስለሆነ፣ በተግባር የወረዳው ተጠሪዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ዕጩዎቹን ካደመጡ በኋላ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሦስቱንም በደረጃ ያስቀምጣሉ። ተሿሚው እስከሚቀጥለው አጠቃላይ ምርጫ ያገለግላል። ሳልዳኛም በ2017 በመራጩ ሕዝብ ፊት ቀርበው አሸንፈዋል፤ የቀረቡት ግን ሴናተር ሆነው ነው፤ ይህም ለተወዳዳሪ ቀላል ብልጫ አይደለም።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተጠሪ የሌላት ፕሪሲንክት ድምፅ የላትም። በጎረቤት ፕሪሲንክት ያለ ተጠሪ ስለ እርሷ ሊናገር ቢችል እንኳ ሁለት ድምፅ አይሰጥም። ዝርዝሩ የሚላከው በተገኙት ሰዎች ድምፅ ነው። ሰዎቹ የሚገኙት ደግሞ ባለቤት በሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ በአንድ ቤት በኖሩና የማታ ስብሰባ ለመቀመጥ ጊዜ ባላቸው ነዋሪዎች ሰፈር ከሆነ፣ ተከራይ የበዛበት፣ በሁለት ፈረቃ የሚሠራበትና እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ የሆነበት ሰፈር በሕግ ያለውን እኩል ወንበር በተግባር ያጣል። ማንም አልከለከለውም፤ ስብሰባው በማክሰኞ ማታ ተደርጎ ነው የሚያልቀው።

ዋሽንግተን በዚህ ብቻዋን አይደለችም። በአሪዞናም የፕሪሲንክት ኮሚቴ አባላት ለተጓደለ የግዛት ምክር ቤት መቀመጫ ሦስት ስም ያቀርባሉ። ኢሊኖይ ከዚህም ትርቃለች፤ የፓርቲው ኮሚቴ ተጠሪዎች ተተኪውን ራሳቸው ይሾማሉ፤ የእያንዳንዳቸውም ድምፅ በወረዳው ውስጥ ባላቸው የመራጭ ድርሻ ይመዘናል። ማይክል ማዲጋን ከ1971 ጀምሮ የያዙትን የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ በፌብሩዋሪ 2021 ሲለቁ፣ በቺካጎ የ13ኛው ዋርድ ኮሚቴ ተጠሪነታቸውን ግን አልለቀቁም ነበር። በዚህም ከግማሽ በላይ የሆነው የድምፅ ክብደት በእጃቸው ስለነበረ ተተኪያቸውን ለመሰየም የሌሎቹ ድምፅ አላስፈለጋቸውም። የመጀመሪያው ተሿሚ በቀናት ውስጥ ሲለቅም ሁለተኛውን የመረጡት በዚያው ክብደት ነው። በኢትዮጵያ የምርጫ ሕግ ማሟያ ምርጫ በሚባለው መንገድ ለሚያስብ አንባቢ ይህ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ መከራከሪያው ወጪና ጊዜ መቆጠብ፣ እንዲሁም መራጩ ለመረጠው ፓርቲ መቀመጫውን ማቆየት ነው።

ባዶ ወንበሮች ግን ሁልጊዜ ባዶ ሆነው አይቆዩም። በ2021 ስቲቭ ባነን በስርጭቱ ተከታዮቹ የሪፐብሊካን ፓርቲን የፕሪሲንክት ወንበሮች እንዲይዙ ደጋግሞ ቀሰቀሰ። ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም በዚያው ዓመት 65 ቁልፍ ካውንቲዎችን ጠይቆ፣ በ41ዱ ያልተለመደ የአዳዲስ ተጠሪዎች ጭማሪ እንደታየና ቁጥራቸውም ቢያንስ 8,500 እንደነበረ ዘገበ። በዲሞክራቶች በኩልም ከ2016 ምርጫ በኋላ በፔንሲልቬንያ ትናንሽ ከተሞች በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሴቶች በየሰፈሩ ተደራጅተው ተኝቶ የነበረውን የአካባቢ ኮሚቴ እንዳነቃቁ ላራ ፑትናምና ቴዳ ስኮችፖል ጽፈዋል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በዓላማ የተራራቁ ናቸው። የተጠቀሙበት በር ግን አንድ ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠበት ሰው ስላልነበረ ለመግባት ማንንም ማሸነፍ አላስፈለጋቸውም።

ሕጉ አንድ ጥቃቅን የሚመስል ገደብ አስቀምጧል። በዋሽንግተን ከማጣሪያው ምርጫ በኋላ የካውንቲው ኮሚቴ አዲስ ሊቀ መንበር ለመምረጥ ሲሰበሰብ ድምፅ የሚሰጡት የተመረጡ ተጠሪዎች ብቻ ናቸው፤ ሊቀ መንበሩ ክፍት ወንበሮችን በሹመት መሙላት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ያለዚህ ገደብ ሊቀ መንበሩ የራሱን መራጮች ራሱ በሾመ ነበር። ስለዚህ በሜይ ወር በቀናት ውስጥ ተከፍቶ የሚዘጋው ምዝገባ ያመለጠው ሰው በጃንዋሪ ተሹሞ በር ማንኳኳት ይችል ይሆናል፤ ሊቀ መንበሩ በሚመረጥበት ስብሰባ ድምፅ ለመስጠት ግን ሁለት ዓመት መጠበቅ አለበት።